ግማሽ ኢንችና ሌላው ግማሽ ኢንች

የሰው ልጅ ከምንጭ ዳር ጎጆ ቀልሶ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ውሃን ወደ ቤቱ ለማስገባት ብዙ ደክሟል። ቦይ ቀዷል፣ ቀርከሃ ፈልፍሏል፣ ብረት አቅልጧል። ከእነዚህ ጥረቶች ሁሉ ግን በጥልቀቱ፣ በምልዓቱና ባስከተለው የስብሰባ ብዛት የአቶ ስማቸውን ጥረት የሚስተካከል ስለመኖሩ እስካሁን የቀረበ ሰነድ የለም። ሰነድ የለም ማለት ደግሞ፣ በአቶ ስማቸው ጽኑ እምነት፣ ነገሩ ራሱ የለም ማለት ነው።

አቶ ስማቸው ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የተቋቋመበትን ዓላማ ከሠራተኞቹ መካከል የሚያስታውስ ስለሌለ ስሙን ብቻ ማስታወስ ትርጉም አይሰጥም። እሳቸው ግን በሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው። በአሥራ አራት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ሪፖርት አዘግይተው አያውቁም፤ ካቀረቡት ውስጥ ደግሞ አንዱም ተነቦ አያውቅም። በዚህም የተነሣ እስከ ዛሬ ስሕተት አልተገኘባቸውም።

ባለቤታቸው እመቤት ከሦስት ወር በፊት ከኩዌት ተመለሰች። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት ዘመድ ጎረቤቱ ወርቅ ወይም ስልክ ይወጣል ብሎ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ፣ እሷ በሦስት ፎጣ የተጠቀለለ የሻወር ቧንቧ አወጣች። ወርቃማ ነው፤ አናቱ እንደ ሱፍ አበባ የሰፋ ነው።

"ማዳም ቤት እንዲህ ያለውን በየቀኑ ስወለውል ነው የኖርኩት" አለች። "ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልታጠብኩበትም። አሁን የራሴን ገዛሁ። መጀመሪያ የምትታጠብበት እናቴ ናት።"

እናቷ እማማ አሰፋሽ ከይፋግ ወዲህ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ዕድሜ ልካቸውን አጎንብሰው ሲያርሙና ሲያጭዱ ኖረው ወገባቸው አሁን እምቢ ብሏል። ቀደም ሲል በየዓመቱ ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃ ይነከሩ ነበር፤ ኋላ ግን መንገዱ ከወገቡ ይበልጥ ያማቸው ጀመር። የዘንድሮው ጤፍ ተወቅቶ ጎተራ እንደገባ ልጃቸው ዘንድ ሊሰነብቱ ቃል ገብተዋል። ለዚያ የቀረው አምስት ሳምንት ነው።

የአቶ ስማቸው ቤት ከተሠራ ሁለት ዓመቱ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ለብሷል፤ ከግድግዳው ብቅ ያለው የቱቦ አፍ በፕላስቲክ ክዳን ተደፍኖ ተቀምጧል። ቤተሰቡ እስካሁን የሚጠቀመው ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳ ነበር። ስለዚህ መልካሙ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። እሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አቶ ስማቸው ወደ ቤቱ የሚሄደውን የውሃ መዝጊያ በገዛ እጃቸው ዘጉና "ለሥራ ደኅንነት ሲባል ዝግ" የሚል ወረቀት ለጠፉበት።

መልካሙ ክዳኑን ፈትቶ የኩዌቱን ቧንቧ ከግድግዳው አፍ ጋር አገናኘና ማዞር ጀመረ። አንድ ዙር ሄደ፣ ሁለት ዙር ሄደ፣ ሦስተኛው ላይ ተንገራገጨና ቆመ።

"ጋሼ፣ አልገጠመም" አለ።

"የግድግዳው ስንት ነው?"

"ግማሽ ኢንች።"

"ቧንቧውስ?"

"እሱም ግማሽ ኢንች።"

"እንግዲያው ችግሩ ምንድን ነው?"

"ግማሹ ሌላ ግማሽ ነዋ። ይኼ ቧንቧ የአሜሪካ ነው፤ ጥርሱ የተቆረጠው በሌላ መንገድ ነው። ለሦስት ዙር ተስማምተው ይሄዱና ከዚያ ይጣላሉ።"

መልካሙ ይህን ብሎ ቦርሳውን በረበረና አውራ ጣት የምታህል የናስ መገጣጠሚያ አወጣ። በአንድ ወገን የዚህኛው ጥርስ አላት፣ በሌላው ወገን የዚያኛው። "በዚች አምስት ደቂቃ ነው" አለ።

አቶ ስማቸው መነጽራቸውን አድርገው ናሷን አገላበጡ። "አምራቹ ማን ነው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ጽሑፏ ለቅቋል።"

"ጽሑፍ የሌለው ነገር ግድግዳዬ ውስጥ አይገባም።"

ወዲያው ወደ ጓዳ ገብተው፣ በፊደል ተራ ከተደረደሩት ፋይሎች አንዱን መዘው፣ የግድግዳውን ቱቦ የሠራው ፋብሪካ ያሳተመውን ባለ አራት ገጽ መመሪያ ይዘው መጡ። ቱቦው በጎኑ አረንጓዴ መስመር ያለበት ነው። አቶ ስማቸው በሦስተኛው ገጽ ግርጌ የሰፈረውን እንደ ድርሳን ጎላ አድርገው አነበቡ፦ ምርቱ ከሌላ አምራች መገጣጠሚያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ፋብሪካው የሰጠው የሃምሳ ዓመት ዋስትና ቀሪ ይሆናል።

"ሃምሳ ዓመት" አሉ፣ መመሪያውን እያጠፉ። "ይህን የመሰለ መብት በአንዲት ስም የለሽ ናስ ልናጣው ነው?"

እመቤት በሩን ተደግፋ ትሰማለች። "በሃምሳው ዓመት ውስጥ እማዬ ትታጠባለች?" አለች።

"ዋናው ዘላቂነቱ ነው።"

በማግሥቱ ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ደብዳቤ ተለጥፎ ተገኘ። "ለቤተሰቡ አባላት በሙሉ" ይላል። በደብዳቤው መሠረት ቤተሰብ አቀፍ የመገጣጠሚያዎች ተናባቢነት ግብረ ኃይል ተቋቁሟል። ሰብሳቢው አቶ ስማቸው ሲሆኑ ጸሐፊዋ እመቤት ናት፤ መልካሙ ድምፅ የማይሰጥ የቴክኒክ አማካሪ ሆኗል። ግብረ ኃይሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። ጸሐፊዋ በመጀመሪያው ስብሰባ አልተገኘችም፤ ገበያ ነበረች። ቃለ ጉባኤው ግን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

የግብረ ኃይሉ የመጀመሪያ ተግባር የገበያ ጥናት ነበር። አቶ ስማቸው መመሪያቸውን በፕላስቲክ አሽገው የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሄዱ። ባለሱቁ ታሪኩን አዳምጦ ሲያበቃ አንዲት ነጭ መገጣጠሚያ አቀረበላቸው።

"ይቺ ከባለ አረንጓዴው ትገጥማለች" አለ።

"በሌላው ጫፏስ?"

"በሌላው ጫፏ ከባለ ቀዩ።"

"ባለ ቀዩ ከቧንቧዬ ይገጥማል?"

"ኧረ የለም፤ ከቧንቧዎ የሚገጥመው ባለ ሰማያዊው ነው። ባለ ቀዩ ከባለ ሰማያዊው ጋር ይስማማል። ባለ ሰማያዊው ግን ከባለ ቀዩ ጋር አይስማማም።"

"ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?"

"የባለ ቀዩ መመሪያ ከሁሉም እገጥማለሁ ይላል። የባለ ሰማያዊው መመሪያ ከማንም አልገጥም ይላል። እኔ ሁለቱንም እሸጣለሁ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። አቶ ስማቸው ግን ባለ ቀዩንና ባለ ሰማያዊውን የሚያስማማ ሦስተኛ ወገን እንዲፈለግ አቅጣጫ አስቀመጡ። ሦስተኛው ወገን ተገኘ፤ እሱም በበኩሉ ከባለ ሰማያዊው ጋር የሚገናኘው በአራተኛ በኩል ብቻ መሆኑን መመሪያው ላይ ጽፏል። አራተኛው ወፈር ይላል፣ ስለዚህ ማጥበቢያ ፈለገ። ማጥበቢያውን የሠራው ፋብሪካ ማጥበቢያ እንጂ ሌላ ነገር አይሠራም፤ እንዲያውም ከሌላ ነገር ጋር መያያዙን የሚከለክል መመሪያ ለማሳተም ገና ጊዜ ያላገኘ በመሆኑ አቶ ስማቸው መመሪያው እስኪታተም በጊዜያዊነት ተቀበሉት።

ሰንሰለቱ እንዲህ እያለ ረዘመ። መልካሙ በየሁለት ቀኑ እየመጣ አንድ አንድ ይጨምራል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጫፉ የመታጠቢያ ቤቱን መሐል አለፈ። ስምንተኛው ላይ ከመስታወቱ ጋር ሊጋጭ ሲል ማጠፊያ ጎሚቶ ገባለት። በአሥራ አንደኛው ክብደቱ እያጎነበሰው ስለ መጣ ከኮርኒሱ ላይ በሽቦ ተንጠለጠለ። አሥራ ሰባተኛው ላይ የኩዌቱ ቧንቧ፣ በመጨረሻ፣ መመሪያ በሚፈቅደው መሠረት ከሚመስለው ጋር ጥርሱን ገጥሞ እስከ መጨረሻው ዙር ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ገባ።

አቶ ስማቸው ያን ዕለት እንባቸው መጣ ቢባል ውሸት አይሆንም። ዘጠኝ ፋብሪካዎች፣ አንዱ የሌላውን ስም ለመስማት የማይፈልጉ፣ በእሳቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። እውነት ነው፣ የሻወሩ አናት ከመታጠቢያ ቤቱ በር አልፎ ኮሪደሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እውነት ነው፣ በሩ ከእንግዲህ አይዘጋም። ዋስትናው ግን ሙሉ ነው።

"እማዬ ኮሪደር ላይ ቆማ ነው የምትታጠበው?" አለች እመቤት።

"እሱ የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። ግብረ ኃይሉ የተቋቋመው ለግንኙነት ነው።"

እመቤት አልተቆጣችም። ወደ ቧንቧው ቀና ብላ አየች፤ የስድስት ዓመት ድካሟ በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን አበሰችለትና ወደ ጓዳ ገባች። አቶ ስማቸው ይህን የእርካታ መግለጫ አድርገው መዘገቡት።

ቀጥሎ ፍተሻ ተደረገ። አቶ ስማቸው የውሃውን መዝጊያ ከፍተው አሥራ ሰባቱንም መጋጠሚያ አንድ በአንድ በሶፍት ወረቀት ዳበሱ። ሁሉም ደረቅ ነው። በሪፖርቱ ላይ "የፍሳሽ መጠን፦ ዜሮ" ብለው በደማቁ ጻፉ።

"ጋሼ፣ እስቲ ሻወሩን ከፈት አድርገን እንየው" አለ መልካሙ።

"ሻወሩን የመክፈት ሥልጣን የክቡር ኃላፊው ነው።"

ይህ ቀልድ አልነበረም። ሪፖርቱ በግልባጭ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዳኛቸው ጠረጴዛ ላይ ደርሶ፣ በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሙሉውን አንብበውታል። መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ስላልሠራ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ሦስት የሥራ ክፍሎቻቸው በአንድ ኮሪደር እየኖሩ ለዓመታት አንድ ደብዳቤ ተቀባብለው አለማወቃቸው ትዝ አላቸውና፣ የአቶ ስማቸው መታጠቢያ ቤት የተቀናጀ አሠራር ሞዴል ሆኖ እንዲጎበኝ ወሰኑ። ጉብኝቱ ለመጪው ሐሙስ ተቆረጠ።

እማማ አሰፋሽ የመጡት እሑድ ነው። በሚኒባስ ሲጉላሉ ውለው ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። ልጃቸው ገና ከበር ሳለች "ቧንቧው ደርሷል?" ብለው ጠየቁ።

"ደርሷል እማዬ። ሐሙስ ይመረቃል።"

"ቄስ ተጠርቶ ነው?"

"አይ፣ የስማቸው አለቃ ነው የሚመጣው።"

እማማ አሰፋሽ አራት ቀን ጠበቁ። ሰኞና ማክሰኞ ወገባቸውን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አሹ። ረቡዕ ከአልጋ አልተነሡም። ሐሙስ ጠዋት ግን ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ።

ልዑካኑ በሁለት መኪና መጡ፤ አሥራ አንድ ናቸው። በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ጥብጣብ ታስሯል። አቶ ዳኛቸው ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ንግግር አደረጉ።

"ክቡራትና ክቡራን" አሉ። "ዛሬ የምናየው ቧንቧ አይደለም። ዛሬ የምናየው የአመለካከት ለውጥ ነው። እነዚህ አሥራ ሰባት አካላት በመጠን ቢለያዩም፣ በቀለም ቢለያዩም፣ ለአንድ ዓላማ ተሰልፈዋል። የፍሳሻቸው መጠን ዜሮ መሆኑ ተረጋግጧል። እኛስ ከእነዚህ ምን እንማራለን?"

"ውሃውስ?" አሉ እማማ አሰፋሽ።

አቶ ዳኛቸው ለእናት ፈገግ አሉላቸው፤ ጥብጣቡን ቆረጡና የወርቁን እጀታ አዞሩ።

ምንም አልመጣም። ሁሉም ቀና ብሎ ጠበቀ። አሥራ አንድ ሰው አንድ ላይ ወደ አንድ ደረቅ ቧንቧ ሲያይ የሚፈጠረውን ጸጥታ ለማያውቅ ሰው መግለጽ ያስቸግራል። አንዱ ልዑክ "ድምፅ አልባ ነው" ብሎ በአድናቆት በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሌላው አጨበጨበ፤ ከዚያ ብቻውን መሆኑን አይቶ ተወ።

አቶ ስማቸው ላብ እያጠመቃቸው "ዛሬ የከተማው ውሃ ሳይጠፋ አይቀርም" አሉ።

መልካሙ ወደ ግቢ ወጥቶ የግቢውን ቧንቧ ከፈተ። ውሃው ባልዲውን እየደበደበ ወረደ። ከዚያ በቤቱ ጥግ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመፍቻው ጫር ጫር አደረገ። ከግቢው የሚመጣው ቱቦ ባለ ሰማያዊ መስመር ነው፤ ግድግዳው ስር ሲደርስ ተቆርጦ በቡሽ ተደፍኗል። ከግድግዳው የወጣው ባለ አረንጓዴ ቱቦም እንዲሁ ተደፍኗል። በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር አፈር አለ።

"ጋሼ፣ ይኼ ቤት እኮ ከውሃው ጋር ተገናኝቶ አያውቅም" አለ መልካሙ። "ፍሳሽ የሌለው ውሃ ስለሌለ ነው።"

"ማን ነው እንዲህ ያለ የማያገናኝ ሥራ የሠራው?" አሉ አቶ ዳኛቸው።

አቶ ስማቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ፋይሉን ለማግኘት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። ከሁለት ዓመት በፊት ቤቱን ለሠራው ግንበኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፦ የግቢውና የግድግዳው ቱቦዎች ከተለያዩ አምራቾች የተገዙ ሆነው ስለ ተገኙ በጽሑፍ እስካሳውቅህ ድረስ ሳታገናኛቸው ሥራው ባለበት እንዲቆም። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የአቶ ስማቸው ነው። ረሱት ማለት አይቻልም፤ ሰነድ የያዘውን ነገር ጭንቅላትም እንዲይዘው ማድረግ ድግግሞሽ በመሆኑ ነው።

አቶ ዳኛቸው ደብዳቤውን አነበቡ። አገላብጠው ቁጥሩንና ቀኑን አዩ።

"ከሁለት ዓመት በኋላ በቁጥሩና በቀኑ በግማሽ ደቂቃ ተገኘ" አሉ በመጨረሻ። "የሰነድ አያያዝዎ ግን ይደነቃል።"

ልዑካኑ በዚህ አጨብጭበው ተበተኑ።

እመቤት እስከ በር ሸኘቻቸው። ስትመለስ እናቷ ያው በርጩማው ላይ ናቸው፤ ፎጣው ትከሻቸው ላይ ነው። ጠጋ ብላ ተንበረከከችና "እማዬ፣ ይቅር በይኝ" አለች።

"ምን አደረግሽኝ ልጄ? ቲያትር አሳየሽኝ" አሉ እማማ አሰፋሽ። "ወገቤ ግን አልሳቀም።"

እመቤት ተነሣች። "መልካሙ" አለች፣ "ያችን ጽሑፍ የሌላትን አለችህ?"

"ከቦርሳዬ ወጥታ አታውቅም።"

"ሽቦውን በጥስና ቧንቧዬን አውርድልኝ። ግቢ ውስጥ እንተክለዋለን።"

አቶ ስማቸው ስብሰባ ሳይጠራ ውሳኔ ሊተላለፍ እንደማይገባ ለማስገንዘብ አፋቸውን ከፈቱ። እመቤት ዞር ብላ አየቻቸው። አቶ ስማቸው ሐሳቡን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደሩት።

ሥራው እንደ ተባለው አምስት ደቂቃ ፈጀ። መልካሙ ናሷን ከግቢው ቧንቧ ላይ አሠረና የኩዌቱን ቧንቧ በላይዋ ላይ አዞረ፤ እስከ መጨረሻው ገባ። ዙሪያውን በአራት ቆርቆሮ ከለሉት። ከግቢው በር እስከ ቧንቧው በመሬት ላይ የተዘረጋው ጥቁር ቱቦ ከጠዋት ጀምሮ የታኅሣሥ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ስለ ነበር ውሃው ሞቅ ብሎ ወረደ።

እማማ አሰፋሽ ወደ ቆርቆሮው ገቡ። እመቤት በስተውጭ ቆማ ፎጣውን ይዛ ትጠብቃለች። የውሃው ድምፅ ኩዌት ሳለች በየቀኑ በተዘጋ በር ማዶ የሰማችው ዓይነት ነው፤ ዛሬ ግን የሚታጠበው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

"እመቤትዬ" አሉ እናቷ ከውስጥ።

"አቤት እማዬ።"

"ወንዛዬን እዚሁ አመጣሽልኝ እኮ።"

በማግሥቱ ጎረቤቷ አበበች "ወገቤን አንድ ጊዜ ብቻ" ብላ መጣች። ከእሷ በኋላ የአበበች አማት መጡ፣ ከዚያ ከታች ሰፈር አራስ ቤት ያለች ሴት፣ ከዚያ የመንገዱ ሰው ሁሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አራት ቤተሰብ ገላውን የሚታጠበው ከአቶ ስማቸው ግቢ ሆነ። ወገባቸው ቀለል ያላቸው እማማ አሰፋሽ ወደ አገራቸው ለመመለስ አልቸኮሉም፤ በርጩማቸውን ከቆርቆሮው ደጃፍ ተክለው ወረፋ ያስከብራሉ።

አቶ ስማቸውም ሥራ አልፈቱም። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ጻፉ። በዕቅዱ መሠረት ተጠቃሚ መሆን የነበረበት አንድ ቤተሰብ ሲሆን ተጠቃሚ የሆነው አሥራ አራት ነው፤ አፈጻጸሙም አንድ ሺህ አራት መቶ በመቶ ሆኗል። አቶ ዳኛቸው ይህን ሪፖርት አላነበቡትም፤ በዚያን ዕለት መብራት ነበር። ቁጥሩ ግን በራሱ አቅም ወደ ላይ ወጣና አቶ ስማቸው የዓመቱ ምርጥ ፈጻሚ ሆነው እንዲሸለሙ ተወሰነ።

በሽልማቱ ቀን ማለዳ አቶ ስማቸው ሳሙናቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። ዘጠኝ ሰው ተሰልፏል። በሰልፉ ጎን አልፈው ወደ ቆርቆሮው ሲያቀኑ እማማ አሰፋሽ በበትራቸው መንገዱን ዘጉባቸው።

"ወዴት ነው?"

"እማማ፣ ልታጠብ ነው። ዛሬ እሸለማለሁ።"

"እግዜር ይባርክልህ። በምንድን ነው የምትሸለመው?"

"በዚህ ቧንቧ ነው።"

እማማ አሰፋሽ ቧንቧውን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ። "እንግዲያው ለመጀመሪያ ጊዜ ልትታጠብበት ነዋ" አሉ። "ከኋላ ያዝ።"

"እንደሱ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠኝን ምክንያት ዘርዝሬ በጽሑፍ ላቅርብልዎት።"

"አትድከም ልጄ" አሉ እማማ አሰፋሽ፣ በበትራቸው የሰልፉን ጭራ እያመለከቱ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።"